የማሰቢያ ጊዜ

ጥቅምት 12

ይድረስ ከትልቁ ድስት ሥር ለማትጠፊው እትዬ፤

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ወሬ ብገባ «ይቺ ልጅ ዛሬም አላደገችም» ትያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ፣ እንዴት ነሽ? ብርዱ፣ ጭሱ፣ የመንገድ ሠራተኞቹ ሆድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ሁለታችንም ደህና ነን። ለልጅሽ የላክሽው ጫማ ልክ ነው፤ ተረከዙ አይወልቅም፣ ጣቷንም አይነካትም። ቀሚሱ ግን አጥሯል። አንቺ እዚያ ካምፕ ውስጥ ሆነሽ የምታስቢያት ልጅ ያምናዋ ናት፤ የኔዋ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እስኪከፈት ተመዝዛለች።

ክፍሌ ውስጥ መሆኗ እንዳያስቸግርሽ ላልሽው፣ ቤት ውስጥ «አክስቴ» ነኝ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ «ቲቸር» ነኝ። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ተሳስታ «አክስቴ» ብትለኝ አራተኛ ክፍል በሙሉ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ቤትም ገብተን «ቲቸር፣ ሳሙናው አልቋል» ትለኛለች።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ። ልጅሽ የጥያቄና መልስ ውድድሩን አሸንፋ ትምህርት ቤቱን እንድትወክል ተመረጠች። ዘንድሮ ትምህርት ቤታችንን የውድድር ዛር ሰፍሮበታል፤ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ የማባዣ ሰንጠረዥ፣ ዓርብ ዓርብ ንባብ፣ በየእረፍቱ ጥያቄና መልስ። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ ጠመኔ ከኪሱ፣ ፊሽካ ከአንገቱ የማይለየው ሰውዬ።

የልጅሽን አመላለስ ብታዪ። ጥያቄው ይነበባል፣ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ሌሎቹ ጣሪያ ያያሉ፣ ጣት ይቆጥራሉ፣ ከንፈር ይነክሳሉ። እሷ ዝም። ዓይኗ ፊት ለፊት ተተክሎ፣ አንዳንዴማ ጭራሽ እዚያ የሌለች እስኪመስልሽ ድረስ ዝም ትልና ድንገት ተመልሳ መልሱን ዱብ ታደርገዋለች። ልጆቹ «ዳኛዋ» ብለዋታል፣ ፍርድ ከመስጠቷ በፊት ዝም ስለምትል። የሒሳብ መምህሩማ ጭራሽ ዘዴ አደረገው። አብረዋት የሚወዳደሩትን ሁለት ሴት ልጆች በእረፍት ሰዓት አቁሞ «መጀመሪያ ዝም! ዓይን ፊት ለፊት! እንደ ዳኛዋ!» እያለ ያሠለጥናቸዋል። ሦስቱም ጎን ለጎን ፈዘው ሲቆሙ ፎቶ አንሺ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ሳቄ ሲያመልጠኝ ወደ መምህራን ክፍል ሮጬ ገባሁ።

ሽልማቷ ደግሞ ደወል መደወል ነው። ደወላችን ላይኛው ፎቅ በረንዳ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ስለማትደርስበት በርጩማ ላይ ቆማ ትመታዋለች። ግቢው ውስጥ የማይቀናባት ልጅ የለም።

የምታናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠዋት ስም ስጠራ አንዳንዴ «አቤት» እስክትል ደጋግሜ መጥራት አለብኝ። ዝናው ራሷ ላይ ወጣ መሰለኝ። ተቆጪያት እንዳትይኝ፣ ተቆጥቻታለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ የስንቅ መኪናችሁ ሾፌር ክላክሱን እየነፋ ነው፣ እዚህ ላይ ላቁም።

ታናሽሽ


ጥቅምት 26

ለሚጡ፤

ስለ እጄ በሾፌሩ አፍ ለላክሽው፣ ድኗል። የተቃጠለው ቆዳ ተልጦ አዲስ ወጥቷል፤ ድስት ከማንሣት አላገደኝም።

ስለ ውድድሩ የጻፍሽውን አነበብኩት። ሳህን ሳጥብ ቆየሁና እጄን አድርቄ እንደገና አነበብኩት። ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይሆናል፤ እኔን ደስ አላለኝም።

የምጠይቅሽን ሳትስቂ መልሺልኝ። ዝም ስትል ዓይኗ የት ነው የሚያርፈው? ብትጠሪያት ትዞራለች? ፊቷ ላይ እጅሽን ብታወዛውዢ ታይዋለች? ስትመለስ የጀመረችውን ታውቀዋለች ወይስ ከሌላ ቦታ ትቀጥላለች? ውድድር ላይ ብቻ ነው ወይስ ጫማ ስታስርም፣ ውሃ ስትጠጣም? እሷን አትጠይቂያት፤ ዝም ብለሽ እዪያት። ልጅ ማየት የሥራሽ ግማሽ ነው።

ከደወሉ ዛሬውኑ አውርጃት። ምክንያት ፈልጊ፣ አስተማሪ ምክንያት አያጣም። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን ይዛ ትውረድ። ውሃ ዳር ከማንም ጋር እንዳትሄድ።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ምናልባት የሌለ ነገር ይሆናል። የእናት ልብ እንደ ቤት ውሻ ነው፤ ቅጠል ሲነቃነቅም ይጮኻል። ይህን ደብዳቤ ለእሷ እንዳታነቢላት። «እናትሽ ትስምሻለች» በያት፣ እሱ እውነት ነው።

እህትሽ


ኅዳር 9

እትዬ፤

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባለፈው መኪናው ሲመጣ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ማለቴ ነበረኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ተቀይሜሽ ነበር። ልጄን በወጉ አታዪልኝም ያልሽኝ መሰለኝ። ከዚያ ላሳፍርሽ ብዬ በእልህ ማየት ጀመርኩ።

ዓይኗ የትም አያርፍም። የዓይኗ ቆብ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ ይርገበገባል፤ ሰሌዳው ጋ ሆኜ ለካ አይታየኝም ነበር። ስጠራት አትዞርም። እጄን አወዛወዝኩ፣ ምንም። ከዚያ ትመለስና «እ?» ትለኛለች፣ ቆሜ ስታየኝም ትስቃለች።

ማክሰኞ የቃል ጽሕፈት ሰጠኋቸው። እያነበብኩ በወንበሮቹ መካከል ስመላለስ አጠገቧ ቆምኩ። እርሳሷ ቃሉ መካከል ላይ ቆመና ከመስመሩ ወደ ታች ተንሸራቶ ቀጭን ጭረት ሠራ። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ። ስትመለስ አሁን ከሰማችው ቃል ቀጠለች፣ መካከሉን ባዶ ትታ። ከዚያ የጎረቤቷን ደብተር አየት አደረገችና ባዶውን ሞላችው። እትዬ፣ ስትኮርጅ እጇ እንዴት ፈጣን መሰለሽ። ይህን ያህል እስክትለምደው ድረስ እኔ የት ነበርኩ?

ውድድር ላይ ብቻም አይደለም። ፀጉሯን ስሠራት፣ ማንኪያ አፏ ጋ ስታደርስ፣ ሰልፍ ላይ መዝሙር መካከል። በቀን ስንቴ እንደሆነ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት፤ ፈራሁ።

ከደወሉ አውርጃታለሁ። «ለሌሎችም ይድረስ» አልኩ። አለቀሰች። የሒሳብ መምህሩም መምህራን ክፍል ውስጥ ሁሉም እየሰማ «ለሰው ይሉኝታ ብለሽ የእህትሽን ልጅ አትጉጂ» አለኝ። ምን ልበለው? እሱ የሚያየው ትኩረት ነው። እንዲያውም ሰሞኑን የአንደኛ ክፍል ልጆች ግቢው ውስጥ «ዳኛ ዳኛ» የሚባል ጨዋታ ፈጥረዋል። ማን ዓይኑን ሳያርገበግብ ረጅም ጊዜ ይፈዛል ነው ጨዋታው። ሲያልቅ ሁሉም ይስቃሉ። እኔ ከመካከላቸው አንዱ ሳይመለስ ቢቀርስ እያልኩ ሁሉም እስኪስቁ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሾፌሩ በቃል ላመጣልኝ ጥያቄሽ፣ አልወደቀችም። ምንም አልሆነችም። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር የመጀመሪያውን ዙር አልፈዋል፤ የመጨረሻው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በትልቁ አዳራሽ ነው።

አሁን ተራው የኔ ነው። አጠገቧ ውዬ አድሬ ያላየሁትን አንቺ ከዚያ ሆነሽ እንዴት አየሽው? የምታውቂው ነገር አለ። እባክሽ ንገሪኝ፣ ስም የሌለው ነገር ይበልጥ ያስፈራኛል።

ታናሽሽ


ኅዳር 18

ሚጡ፤

ሾፌሩ ልጄን ግንባሯ ላይ ፋሻ ታስሮ እንዳያት ነገረኝ። ደግ ሰው ነው፣ ሊደብቀኝ ሞክሮ ነበር፤ ፊቱ ግን አልቻለበትም። አንቺ «አልወደቀችም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አልሰድብሽም። እኔም ከአንቺ የደበቅኩት አለኝ።

ታላቅ ወንድማችንን አታውቂውም፤ እሱ ሲሞት ጡት ላይ ነበርሽ። ውሃ ወሰደው ብለው ነው የነገሩሽ። በሕይወት ሳለ «ሐሳበኛው» ነበር የሚሉት። ኩባያ ይዞ ውሃ እየጠጣ ይቆማል። ኩባያው ያዘነብላል፣ ውሃው በደረቱ ይወርዳል፣ እሱ የለም። ከዚያ ይመለስና ሸሚዙን አይቶ «ማነው ያረጠበኝ?» ይላል። አባባ ለእንግዳ ሁሉ ያሳየው ነበር፤ «ይሄ ልጅ ያስባል፣ ትልቅ ሰው ነው የሚሆነው» እያለ። እኛም ቤታችን ውስጥ ሊቅ የበቀለ መስሎን በዙሪያው ድምፃችንን ቀንሰን ነበር የምንሄደው።

የሞተበት ውሃ ከወገቡ አያልፍም ነበር። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ስንሻገር ከፊቴ ነበር። አልተንሸራተተም፣ ሚጡ። ቆመ። አንድ እግሩን እንዳነሣ ድንጋዩ ላይ ቆመና ቀስ ብሎ አዘነበለ። ሲወድቅም እጁን አልዘረጋም። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። ለአዋቂዎቹ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው» አሉና ነገሩ እዚያው ተዘጋ።

ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ውሃ ስትጠጣ የማየው ኩባያዋን ነው። ወደዚህ እስክመጣ ድረስ አንድም ቀን አላዘነበለም። አልፎናል ብዬ ነው አባቷ ሲሞት ለእንጀራ ብዬ ካንቺ ዘንድ ትቻት የወጣሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ።

ሐኪም ቤት ውሰጃት። «ስታድግ ይተዋታል» የሚልሽን ጎረቤት አትስሚ፤ ወንድማችን ለማደግም አልደረሰም። እኔ ምትክ አብሳይ እስኪመጣ መንቀሳቀስ አልችልም። ለመንኳቸው፤ «ይሄን ሁሉ ሰው ጾሙን ልታሳድሪው ነው?» አሉኝ። ሽንኩርት ስከትፍ አለቅሳለሁ፣ ማንም ለምን አይለኝም። ለዚህ ለዚህ ጥሩ ሥራ ነው።

እህትሽ


ኅዳር 29

እትዬዬ፤

ስለ ወንድማችን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ልጅቷ ውሃ ስትጠጣ እኔም ኩባያዋን ሆኗል የማየው።

የግንባሯ ነገር የደረጃው አይደለም። በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው ጎንበስ ብላ ስትጠጣ ከገንዳው ጠርዝ ጋር ተጋጨች። ትንሽ ተሰፍቷል፣ እየደረቀ ነው። የደበቅኩሽ ከዚያ ሆነሽ ከመጨነቅ በቀር ምን ታመጫለሽ ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ።

ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ። ነርሷ እስክጨርስ ሰማችኝና ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ስሙንም በሹክሹክታ ነገረችኝ። አንቺ ያልጻፍሽውን ስም እኔ ልጻፈው። የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። «አይጥላትም እኮ» አልኳት። «የማይጥልም አለ፣ ልጆችን እያፈዘዘ የሚመልስ» አለችኝ። ወደ ሕፃናት ሐኪም ላከችን፤ የተሰጠን ቀጠሮ ታኅሣሥ 10 ነው። ውድድሩ ታኅሣሥ 5 ነው።

ለርዕሰ መምህሩ አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ ስሚኝና ፍረጂ። አምና አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ወላጆች ተሰብስበው መጡ። «ልጆቻችን አጠገቡ አይቀመጡም» አሉ፣ የሚተላለፍ መስሏቸው። ልጁ ለብቻው መስኮት ሥር ተቀመጠ፤ ሳይቆይ መምጣቱን ተወ። ያንን ልጅ እንዲያ ሲያደርጉት በዓይኔ አይቻለሁና አፌን መክፈት ፈራሁ።

ልጅቷን ከውድድሩ ላውጣት ብዬ ሞክሬያለሁ። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ምንም አላጠፋሽም ስላት እንባዋ መጣ። «ቲቸር፣ ካልተወዳደርኩ ደደብ መሆኔን ያውቁብኛል» አለችኝ። ይህን ከየት እንዳመጣችው አልገባኝም፤ የክፍሉ አንደኛ እሷ ናት። የሒሳብ መምህሩንም ለብቻው ጠርቼ ልጅቷ ደህና አይደለችም አልኩት። «ማን ደህና ነው? እኔም ምግብ አልበላ ብሎኛል» ብሎ ሳቀ።

አዳራሹን ሄጄ አየሁት። መድረኩ የእንጨት ነው፣ ከፍ ያለ፣ ጠርዙ ላይ መከለያ የሌለው። የሚመልስ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠርዙ ላይ እስካለው ማይክሮፎን ድረስ ይሄዳል። አንቺ ወስኚ፣ እትዬ። ቃልሽ ከደረሰኝ በቃልሽ አድራለሁ። ካልደረሰኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 2

ሚጡ፤

አይሆንም። ታመመች በዪ፣ ዘመድ ሞተ በዪ፣ እናቷ አበደች በዪ፤ ያመቸሽን በዪ። ደደብ ይበሏት። ደደብ ትባልና ትኑርልኝ።

የስንቁ መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። ይህን ለአንድ የድንጋይ መኪና ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ ለሌላ አሳልፌ እሰጥልሻለሁ ብሎኛል። እንዲደርስሽ ከመለመን በቀር የማደርገው የለኝም።

እህትሽ


ታኅሣሥ 8

ሚጡ፤

ወደቀች አሉኝ።

የስንቁ መኪና ተጠግኖ ዛሬ መጣ፤ ሾፌሩ የሰማው ከሰው ነው። «ውድድሩ ላይ ከመድረክ ወደቀች አሉ» አለኝ፣ ከዚያ በላይ አያውቅም። ተርፋለች ወይ ብዬ ስጠይቀው «እሱን አልጠየቅኩም» አለ። ሰው እንዴት እሱን አይጠይቅም? ጆንያ ሲያራግፍ ቆሜ አፉን አፉን አየሁት፣ ሌላ ነገር የሚወጣው መስሎኝ።

ዛሬ ምን እንዳበሰልኩ አላውቅም። በልተውታል።

ረጅም ደብዳቤ አትጻፊልኝ፣ ሰላምታም አትጻፊ። አለች ወይስ የለችም፣ እሱን ብቻ። በሚቀጥለው መኪና ቃልሽ ካልመጣ ምትክ ኖረም አልኖረም እወጣለሁ። የሚጭነኝ ካጣሁ በእግሬ እወጣለሁ።


ታኅሣሥ 11

አለች።

አለች፣ እትዬ፣ ደህና ናት። ከጎኔ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ነው፤ በወረቀቱ ጫፍ ላይ የምታዪው ቢጫ ነጠብጣብ የእሷ ሥራ ነው። ቁጭ በዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

የ«አይሆንም» ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከውድድሩ ማግስት ነው። የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ አላወጣኋትም። ለማውጣት ለምን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ፣ መናገሩን ደግሞ ፈራሁ። ስትመጪ በጥፊ ብትዪኝ ጉንጬን አላዞርም።

ወድቃለች፣ መሬት ግን አልደረሰችም። እኔ ከመድረኩ ሥር በግራ በኩል ቆሜ ነበር። ለመጨረሻው ጥያቄ የማሰቢያ ጊዜ ሲሰጥ ሦስቱም እንደሠለጠኑት ፈዘው ቀጥ አሉ። አዳራሹ በአድናቆት ጸጥ አለ። ሦስቱም ዓይናቸው ተተክሏል፤ የትኛዋ እያሰበች እንደሆነ፣ የትኛዋ እንደሌለች መለየት አቃተኝ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ የኛዋ ተነሥታ ወደ ማይክሮፎኑ መራመድ ጀመረች። ደስ አለኝ፤ አለች ማለት ነው አልኩ። ማይክሮፎኑ ጋ ስትደርስ ግን አልቆመችም፤ ጠርዙን አልፋ ተራመደች። የቀረውን አንቺ በወንድማችን ጽፈሽዋል። እጇን አልዘረጋችም።

የያዛት የሒሳብ መምህሩ ነው። ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ከንፈር ከንፈሯን እያየ ነበር፤ እንዴት እንደዘለለ እሱም አያውቅም። የእጁ አንጓ ተሰብሯል። ደረቱ ላይ ሆና ዓይኗ ሲመለስ «መልሱን ልናገር?» አለችው። ያን ጊዜ ፊቱን ብታዪው ታዝኚለታለሽ። አሁን ሰሌዳ ላይ በግራ እጁ ይጽፋል፣ ልጆቹም ይስቁበታል። «ዓይን ፊት ለፊት» ማለቱን ግን እርግፍ አድርጎ ትቷል።

ትናንት ሐኪሟ ጋ ነበርን። ቁራጭ ወረቀት ሰጠቻትና «እንዲውለበለብ አድርገሽ ደጋግመሽ ንፊበት» አለቻት። ልጅሽ እየሳቀች ነፋች፣ ነፋች፣ ከዚያ ወረቀቱን እንደያዘች ፈዛ ሄደች፤ ለካ ብዙ መንፋት ይቀሰቅሰዋል። ሐኪሟ እጇን ይዛ ጠበቀቻት። ስትመለስም «እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻት። ልጅቷ ክው አለች። «ያውቃሉ እንዴ?» አለቻት።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሟ። ትምህርት ተቆራርጦ ነው የሚመጣላት። ቲቸር «ዛሬ የምንማረው» ትላለች፣ ከዚያ ሰሌዳው ሞልቷል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስላት ነበር፤ ሌሎቹ ግን የተቆረጠውን በልባቸው የሚሞሉት፣ እሷ ብቻ የማትችል ደደብ። ስለዚህ የነገውን ትምህርት ዛሬ ቤት አንብባ በቃሏ ይዛ ትመጣለች። የቱ ቁራጭ እንደሚጠፋባት ስለማታውቅ መጽሐፉን በሙሉ። አንደኛ ያወጣት እሱ ነው፣ እትዬ። እኛ ስናጨበጭብ የከረምነው ለፍርሃቷ ነበር፤ እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ።

መድኃኒት ጀምራለች፣ ጠዋትና ማታ። ብዙ ልጆችን ይተዋቸዋል ብላለች ሐኪሟ። አይተላለፍም። ውሃ ዳርና ከፍ ያለ ቦታ ግን ለጊዜው ብቻዋን እንዳትሆን። በቤተሰብ ውስጥ ሌላ ነበረ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ስለ ወንድማችን ያልሽውን እንዳልሽው ነገርኳት፣ እጁን አለመዘርጋቱንም። እየጻፈች ሰማችኝና ቀና ብላ «እህትሽ ያየችው ትክክል ነው» አለች። አድርሺልኝ ብላለችና አድርሻለሁ።

በእግርሽ እንዳትወጪ። ምትክሽን ጠብቂ።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 19

ለሚጡ፤

የመጀመሪያዋን ቃል አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩትና ሥራዬን ሠራሁ። የቀረውን ያነበብኩት ሰው ሁሉ በልቶ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያን ያህል ጊዜ በዚያች ቃል ብቻ ቆየሁ።

በጥፊ አልመታሽም። ፈርተሽ ነው፣ እኔም ፈርቼ አርባ ነገር ደብቄሻለሁ፤ ፈሪ ፈሪን አይማታም። የሐኪሟ መልእክት ደርሶኛል። እሷ ያለችውን ሰው እንዲለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቅ ነበር። ሲባልልኝ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ደስታም አይደለም፣ ብቻ ያንን መስመር ደግሜ አነበብኩት።

ምትኬ መጥታለች። ጨው ላይ እጇ ከባድ ነው፤ እሷን አላምጄ እመጣለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እንደ አምናው ልጅ አደረጓት? አሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

እህትሽ


ጥር 3

እትዬ፤

ለብቻዋ አልተቀመጠችም። ወላጆች ግን መጥተው ነበር፤ አልዋሽሽም። ርዕሰ መምህሩ ሲያመነታ የሒሳብ መምህሩ በጀሶ የታሰረ እጁን ይዞ ከወንበሩ ተነሣ። «ልጅቷን በደረቴ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ተላልፎብኝ እንደሆነ ኑና እዩኝ» አላቸው። አንዷ እናት ልጇን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረች። የቀሩት እያጉረመረሙ ወጡ። የወንበር ጓደኛዋ ከቦታዋ አልተነሣችም፤ «ማን ያስኮርጃታል?» ብላ ነው አሉ የተከራከረችው።

እኔን ፍርሃቱ አለቀቀኝም፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም። ዝም ባለች ቁጥር የዓይኗን ቆብ አያለሁ። ልጅ ደግሞ ዝም ይላል፣ በደህናውም ቀን። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ እየራቀ መጥቶ ሰሞኑን አላየሁባትም፤ አላየሁም ማለትን ግን ካንቺ በኋላ መጠርጠር ተምሬያለሁ።

ትናንት በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር አስተማርኳቸው። ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ስላስተማርኩ ሰሌዳው ላይ ደመናውን ከባሕሩ ሥር ስያለሁ። ደወል ተደወለ፣ ሁሉም እየተገፋፉ ወጡ፤ እሷ ፊት ለፊት እያየች ተቀምጣ ቀረች። ሄጄ ትከሻዋን ነካሁት። ወዲያው ዞረች።

«ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ እንዲህ ረጅም ነው?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ» አልኳት።

«ሁሉም ልጅ ሙሉውን ይሰማዋል?»

«ይሰማዋል።»

በበሩ በኩል የሚሯሯጡትን ልጆች አየችና «ታዲያ ለምንድነው አንደኛ የማይወጡት?» አለችኝ።

ስትመጪ አንቺን ትጠይቅሽ።

ታናሽሽ